የተጻፈው መብትና መዝገቡን የያዘው እጅ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሦስት የሕግ አንቀጾች ነው። ሦስቱም የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ናቸው፤ 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ይባላሉ። ከ1865 እስከ 1870 ባሉት ጥቂት ዓመታት ጸድቀው፣ ትናንት በጨረታ ይሸጥ የነበረውን ሰው ዜጋ፣ መራጭ፣ ብሎም የምክር ቤት አባል አደረጉት። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን የዚያው ሰው ልጅ ከምርጫ መዝገብ ተፋቀ። የሚገርመው፣ እሱ ሲፋቅ ከሦስቱ ማሻሻያዎች አንዲት ፊደል አልተሰረዘችም። መብቱ በጽሑፍ እንዳለ አለ፤ ሰውየው ግን መምረጥ አይችልም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በኋላስ መብቱ እንዴት ተመለሰ? የዛሬው ሥራችን ይህን መመርመር ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስሙን ሳይጠራ

በ1787 ፊላደልፊያ ላይ በተረቀቀው ሕገ መንግሥት ውስጥ "ባሪያ" የሚል ቃል አይገኝም። አርቃቂዎቹ ቃሉን ሸሹት እንጂ ነገሩን አልሸሹትም። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ሲደለደል ነጻ ያልሆነ ሰው የአንድ ሰው ሦስት አምስተኛ ሆኖ ይቆጠር ነበር፤ ባሪያው ድምፅ የለውም፣ ቁጥሩ ግን የጌታውን ግዛት ወንበር ያበዛል። ባሪያ ከውጭ ማስገባትን ኮንግረስ እስከ 1808 ድረስ እንዳይከለክል ተደነገገ። ጠፍቶ ወደ ሌላ ግዛት የገባ ባሪያም ለጌታው እንዲመለስ ተወሰነ። ማን ይመርጣል የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ሰነዱ ለየግዛቶቹ ትቶት አለፈ።

ድሬድ ስኮት የተባሉ ሰው፣ ጌታቸው ባርነት በተከለከለበት ምድር ወስዶ ስላኖራቸው፣ "ነጻ ነኝ" ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በማርች 1857 ዋና ዳኛው ሮጀር ቴኒ የሰጡት ብይን ከስኮት አልፎ የሚሊዮኖችን ዕጣ ነካ፤ ከአፍሪካ ዘር የተወለደ ሰው፣ ባሪያም ይሁን ነጻ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህም በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሳሽ ሆኖ አይቆምም ተባለ። እኛ "በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል" እንላለን። ለጥቁር አሜሪካዊው ግን "በሕግ አምላክ" ብሎ የሚጮኽበት በር ራሱ ተዘጋበት። ከዚህ ብይን በኋላ ተራ ሕግ ማውጣት እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ፤ መለወጥ የነበረበት ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነበር።

ነጻነት ብቻውን

ባርነትን የያዙት የደቡብ ግዛቶች አምፀው ከሰሜኑ ጋር የገጠሙት የእርስ በርስ ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የነጻነት አዋጃቸውን አወጡ። አዋጁ የጦር አዛዥ ትእዛዝ ነበር። የሚሠራው ባመፁት አካባቢዎች ብቻ ስለነበረ፣ እንደ ኬንታኪና ደላዌር ባሉ ባርነትን ይዘው ከኅብረቱ ጋር በቆዩ ግዛቶች የሚኖሩትን አልነካም። ሰላም ሲወርድ ፍርድ ቤት ይሽረው ይሆናል የሚል ስጋትም ነበር። 13ኛው ማሻሻያ የመጣው ለዚህ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ጃንዋሪ 31 ቀን 1865 በ119 ድጋፍና በ56 ተቃውሞ አሳለፈው፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 6 ቀን ለማጽደቅ የሚያስፈልገው የግዛቶች ቁጥር ሞላ። ጦርነቱ ሲጀመር 4 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን አንቆ የነበረው ባርነት በሕገ መንግሥት ተሻረ።

ይሁን እንጂ ነጻ መውጣትና መብት ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ታወቀ። የደቡብ ግዛቶች ምክር ቤቶች "የጥቁሮች ሕግ" ተብለው የሚታወቁትን ደንቦች ማውጣት ጀመሩ። በሚሲሲፒ ሕግ መሠረት ነጻ የወጣ ሰው በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ለዚያ ዓመት ሥራ እንዳለው የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ መያዝ ነበረበት። ማስረጃ የሌለው "ሥራ ፈት" ተብሎ ይቀጣል፤ መቀጫውን መክፈል ካቃተው መቀጫውን ለሚከፍልለት ሰው ጉልበቱ ይከራያል። የሚከፍለው ማን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ የትናንቱ ጌታ ነው። 13ኛው ማሻሻያም የግዳጅ ሥራን ሲከለክል በወንጀል ለተፈረደበት ሰው የሚሰጠውን ቅጣት ለይቶ ስለተወ፣ ቀዳዳው ክፍት ነበር።

ሌላም ጣጣ ነበር። ባርነት ሲሻር የሦስት አምስተኛው ስሌት አብሮ ፈረሰ፤ ነጻ የወጣው ሰው እንደ ሙሉ ሰው መቆጠር ጀመረ። በዚህም ምክንያት በጦርነት የተሸነፈው ደቡብ፣ ለአንድም ጥቁር ድምፅ ሳይሰጥ፣ በኮንግረስ ከበፊቱ የበለጠ ወንበር ሊይዝ ሆነ። የሊንከን ፓርቲ የሆኑት የሰሜኑ ሪፐብሊካኖች ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የቆሙት በመርሕ ብቻ አልነበረም፤ ይህም ስሌት አስጨንቋቸው ነበር። መርሕና ጥቅም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፉበት ወቅት በታሪክ ብዙ አይገጥምም፤ ያኔ ገጠመ።

ዜጋ ማን ነው?

14ኛው ማሻሻያ በጁን 1866 ከኮንግረስ ወጥቶ በጁላይ 1868 ጸደቀ። የመጀመሪያው ክፍል ዋና አርቃቂ የኦሃዮው ተወካይ ጆን ቢንግሃም ነበሩ። አንቀጹ በአሜሪካ ምድር የተወለደና ለሕጓ ተገዥ የሆነ ሁሉ ዜጋ ነው ይላል፤ የቴኒ ብይን በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ተሻረ። ቀጥሎም የትኛውም ግዛት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የሰውን ሕይወት፣ ነጻነትም ሆነ ንብረት እንዳይነካ፣ ለማንኛውም ሰው እኩል የሕግ ጥበቃ እንዳይነፍግ ይከለክላል። ሁለተኛው ክፍል አዋቂ ወንዶችን ከምርጫ የሚያግድ ግዛት የውክልና ወንበሩ እንዲቀነስበት ያዛል። ይህ ቅጣት በሥራ ሳይውል ቀርቷል። በዚሁ ክፍል ግን "ወንድ" የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ፤ ለመብት የሚታገሉት ሴቶችም ይህን አይተው ዝም አላሉም።

ከሊንከን መገደል በኋላ ሥልጣን የያዙት አንድሩ ጆንሰን ማሻሻያውን ተቃወሙ፤ የደቡብ ግዛቶችም ከቴኔሲ በቀር አንቀበልም አሉ። ኮንግረስ በማርች 1867 ጠንከር ያለ ሕግ አወጣ። አሥር የደቡብ ግዛቶች በአምስት የጦር ቀጣናዎች ተከፈሉ፤ ወደ ኮንግረስ መመለስ የፈለገ ግዛት ቀለም ሳይለይ በወንዶች ሁሉ በተመረጠ ጉባኤ አዲስ ሕገ መንግሥት እንዲጽፍና 14ኛውን ማሻሻያ እንዲያጸድቅ ታዘዘ። የመራጮች ምዝገባ ሲጠናቀቅ በአሥሩ ግዛቶች 735,000 ያህል ጥቁሮችና 635,000 ያህል ነጮች ተመዝግበው ነበር። እንግዲህ ለደቡቡ ጥቁር የምርጫው በር የተከፈተው 15ኛው ማሻሻያ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ቻርልስተን፣ 1868

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሮበርት ስሞልስ በ1839 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ቦፎርት በምትባል ከተማ በባርነት የተወለዱ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ "ፕላንተር" በምትባል የአማፂያኑ የእንፋሎት መርከብ ላይ መሪ ጨባጭ ሆነው ይሠሩ ነበር። ሜይ 13 ቀን 1862 ሌሊት ነጮቹ መኮንኖች ለማደር ወደ ከተማ ሲወጡ ስሞልስ የካፒቴኑን የገለባ ባርኔጣ ደፉ፤ ቤተሰባቸውንና የባልደረቦቻቸውን ቤተሰቦች አሳፈሩ፤ በፎርት ሰምተር ምሽግ ፊት ሲያልፉ የተለመደውን የፉጨት ምልክት ሰጥተው መርከቧን ከነመድፎቿ ለሰሜኑ ባሕር ኃይል አስረከቡ። ያኔ ዕድሜያቸው 23 ነበር።

እኒህ ሰው በ1868 መጀመሪያ፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት በዚያው ዓመት፣ ቻርልስተን በተሰበሰበው የሳውዝ ካሮላይና የሕገ መንግሥት ጉባኤ ላይ ተወካይ ሆነው ተቀመጡ። ከተወካዮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ፤ በርካቶቹም ከሦስት ዓመት በፊት በሕግ ፊት የሰው ንብረት ነበሩ። ጉባኤው የጻፈው ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብትን ለአዋቂ ወንዶች ሁሉ ሰጠ፤ ለሥልጣን ለመወዳደር ሀብት መያዝ ግዴታ መሆኑን አስቀረ፤ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አዘዘ። ለትምህርቱ ጉዳይ በብርቱ ከተከራከሩት አንዱ ስሞልስ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ለነጩ ድኻ ልጅም እንደተከፈተ ልብ በሉ፤ ነጻ የወጡት ሰዎች የጻፉት ሕግ የጠቀመው እነሱን ብቻ አልነበረም።

በ1870 መጀመሪያ ሂራም ሬቭልስ ከሚሲሲፒ ለሴኔት ተመርጠው ዋሽንግተን ገቡ። ተቃዋሚዎቻቸው የሕግ መከራከሪያ አነሡ፦ ሴናተር ለመሆን ዘጠኝ ዓመት ዜጋ ሆኖ መቆየት ያስፈልጋል፤ ጥቁር ዜጋ የሆነው ደግሞ በ14ኛው ማሻሻያ ነው፤ ስለዚህ ሬቭልስ የሁለት ዓመት ዜጋ ናቸው። ነጻ ሆነው በተወለዱበት አገር እንደ ባዕድ ተቆጠሩ ማለት ነው። ሴኔቱ ክርክሩን ሰምቶ በ48 ድምፅ ለ8 ተቀበላቸው፤ ፌብሩዋሪ 25 ቀን ቃለ መሐላ ፈጽመው የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሆኑ።

በክልከላ የተጻፈ መብት

15ኛው ማሻሻያ የጸደቀው ሬቭልስ ቃለ መሐላ ከመፈጸማቸው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1870 ነው። የዜጎች የመምረጥ መብት በዘር፣ በቀለም ወይም ቀድሞ ባሪያ በመሆን ምክንያት አይነፈግም፣ አይጓደልም ይላል። ጥቅሙ ለሰሜኑም ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ጥቁር ከነጭ እኩል የሚመርጥባቸው ግዛቶች በኒው ኢንግላንድ የሚገኙ አምስት ብቻ ነበሩ። ማርች 31 ቀን 1870 በኒው ጀርሲዋ ፐርዝ አምቦይ ከተማ ቶማስ መንዲ ፒተርሰን ስለ ከተማዋ የአስተዳደር ቻርተር በተደረገ ምርጫ ድምፃቸውን ሰጡ፤ በዚህ ማሻሻያ ጥላ ሥር የመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር በመባልም ይታወቃሉ።

ነገር ግን አንቀጹን ደግማችሁ ብታዩት "ማንኛውም አዋቂ ዜጋ ይመርጣል" አይልም። በእነዚህ ምክንያቶች አትከልክሉ ነው የሚለው። በሌላ ምክንያት መከልከልስ? ይህ ጥያቄ ያኔም ተነሥቶ ነበር። የማሳቹሴትሱ ሴናተር ሄንሪ ዊልሰን በትውልድ አገር፣ በሀብት፣ በትምህርትና በሃይማኖት መከልከልም እንዲታገድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ ወደቀ። የምዕራቡ ግዛቶች ቻይናውያንን ከምርጫ ማራቅ ይፈልጉ ነበር፤ ማሳቹሴትስና ኮኔቲከት ማንበብ የማይችለውን፣ ሮድ አይላንድ ንብረት የሌለውን የውጭ ተወላጅ የሚያግድ ሕግ ነበራቸው። ሰሜኑ የራሱን አጥር ላለማፍረስ ሲል ለደቡቡ የአጥር መሥሪያ እንጨት ተወለት።

ሴቶችም ከውጭ ቀሩ። ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉት ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተንና ሱዛን አንተኒ ሴቶችን የዘለለውን ማሻሻያ ተቃወሙ፤ የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ፍሬድሪክ ዳግላስ ደግሞ ጥቁሩ በቀለሙ ምክንያት እየተገደለ ስለሆነ የእሱ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም ብለው ሞገቱ። ለዓመታት አብረው የታገሉ ሰዎች በዚህ ተለያዩ። አንተኒ በ1872 ሮቸስተር ላይ መርጠው ተያዙ፤ መቶ ዶላር ተፈረደባቸው። በጾታ ምክንያት የመምረጥ መብትን መንፈግ በሕገ መንግሥት የታገደው በ1920 ነው።

ስምንቱ ሣጥኖች

ያ ሁሉ እንዴት ፈረሰ? መጀመሪያ በጠመንጃ። ኤፕሪል 13 ቀን 1873 በሉዊዚያና ኮልፋክስ በምትባል ከተማ በምርጫ ውጤት ጠብ ሰበብ የታጠቁ ነጮች በርካታ ጥቁሮችን ፈጁ፤ ብዙዎቹ የተገደሉት እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1876 የጥቂት ተከሳሾችን ጥፋተኝነት ሻረ፤ 14ኛው ማሻሻያ መንግሥታትን እንጂ ግለሰቦችን አይገድብም ብሎ። በ1877 በደቡብ ለቀሩት የሪፐብሊካን መንግሥታት ጥበቃ የሚሰጠው የፌዴራል ጦር ተነሣ።

ከጠመንጃው በኋላ ወረቀቱ ተከተለ። የሳውዝ ካሮላይና የ1882 ሕግ "የስምንት ሣጥን ሕግ" ይባላል። መራጩ ምርጫ ጣቢያ ሲገባ ሣጥኖች ተደርድረው ይጠብቁታል፤ ለአገረ ገዥ አንድ፣ ለኮንግረስ ሌላ፣ እንዲህ እያለ ለየሥልጣኑ። ወረቀቱን በተሳሳተ ሣጥን ከከተተ ድምፁ ይሰረዛል። ማንበብ የማይችል ሰው የሣጥኖቹን ቅደም ተከተል አጥንቶ ቢመጣ አስመራጩ ቦታቸውን ይቀያይራቸዋል። ያልተማረ ነጭ ሲመጣ ግን አስመራጩ ጠቆም ያደርገዋል። በሕጉ ውስጥ ዘርና ቀለም የሚል ነገር የለም፤ 15ኛው ማሻሻያም በቃሉ አልተነካም።

በ1890 ሚሲሲፒ፣ በ1895 ሳውዝ ካሮላይና አዲስ ሕገ መንግሥት ጻፉ። ሮበርት ስሞልስ በዚህኛውም ጉባኤ ነበሩ። በመካከሉ ለኮንግረስ ተመርጠው ለበርካታ ዓመታት አገልግለዋል፤ ድሮ ባሪያ ሆነው ያደጉበትንም ቤት ቦፎርት ላይ ገዝተው ይኖሩበት ነበር። በ1868 በቻርልስተኑ ጉባኤ ጥቁሮች ብዙኃን ነበሩ፤ አሁን ከ160 ተወካዮች ስድስት ብቻ ሆኑ። የጉባኤው መሪ ቤን ቲልማን ዓላማው ጥቁሩን ከምርጫ ማስወጣት እንደሆነ አልሸሸጉም። አዲሱ ሕገ መንግሥት መራጩ ሁለት ዓመት በግዛቱ የኖረ፣ የምርጫ ግብሩን ምርጫው ስድስት ወር ሲቀረው የከፈለ፣ እንዲሁም ከሕገ መንግሥቱ ማንኛውንም ክፍል ማንበብና መጻፍ የሚችል ወይም ግብር የተከፈለበት የ300 ዶላር ንብረት ያለው እንዲሆን አዘዘ። እስከ 1898 መባቻ ድረስ ደግሞ ማንበብ የማይችል ሰው ሲነበብለት ገብቶት ማስረዳት ከቻለ ይመዘገባል። "ገብቶታል" የሚለው ማን ነው? መዝጋቢው። ስሞልስ ወገናቸው የሚፈልገው እኩል ዕድል ብቻ እንደሆነ ተናገሩ፤ በመጨረሻም ሰነዱን አልፈርምም አሉ።

ሉዊዚያና በ1898 በጻፈችው ሕገ መንግሥት እሱ ራሱ ወይም አባቱ ወይም አያቱ ከ1867 በፊት መምረጥ ይችል የነበረን ሰው ከንባብ ፈተናው ነጻ አደረገች። በ1896 በግዛቱ 130,334 ጥቁር መራጮች ተመዝግበው ነበር፤ በ1904 የቀሩት 1,342 ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው በ1898 የሚሲሲፒን ሕግ አይቶ፣ በቃሉ ዘር ስለማይጠቅስ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። የኖርዝ ካሮላይናው ጥቁር ተወካይ ጆርጅ ኋይት በ1901 ከኮንግረስ ከወጡ በኋላ፣ እስከ 1929 ድረስ አንድም ጥቁር ተወካይ አልገባበትም።

ያልተሰረዘው ጽሑፍ

ግዛቶቹ መብቱን በራሳቸው ሕገ መንግሥት አጠበቡት፤ የፌዴራሉን ጽሑፍ ግን መሰረዝ አልቻሉም። ልዩነቱን ያመጣው ይህ ነው። ጽሑፉ ስለቀረ ተከራካሪዎች እየተመላለሱ ያንኳኩት ነበር። በ1915 እንደ ሉዊዚያናው ያለው፣ የአያት አንቀጽ የሚባለው ዘዴ በፍርድ ቤት ወደቀ። በ1944 ነጮች ብቻ የሚመርጡበት የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ተከለከለ። በ1964 የጸደቀው 24ኛው ማሻሻያ በፌዴራል ምርጫ ላይ የምርጫ ግብርን አስቀረ። በማርች 1965 ሴልማ በምትባል የደቡብ ከተማ ድልድይ ላይ የመምረጥ መብት የሚጠይቁ ሰልፈኞች በፖሊስ ዱላ ሲደበደቡ አገር በቴሌቪዥን አየ፤ ኦገስት 6 ቀን የምርጫ መብት ሕጉ ተፈረመ።

ይህ ሕግ የቆመው በ15ኛው ማሻሻያ ላይ ነው። አዲስ መብት ከመስጠት ይልቅ የማስረዳት ሸክሙን አዛወረ። የንባብ ፈተናውን አገደ፤ የፌዴራል መዝጋቢዎችን ወደ ደቡብ ላከ፤ የመድልዎ ታሪክ ያለባቸው ግዛቶች የምርጫ ደንብ ሲቀይሩ ለውጡ ጥቁሩን እንደማይጎዳ አስቀድመው እንዲያስረዱ አስገደደ። ቀድሞ ዜጋው ለመዝጋቢው ሲያስረዳ ይኖር ነበር፤ አሁን መዝጋቢው ለሕግ የሚያስረዳ ሆነ። በሚሲሲፒ ከሕጉ በፊት መምረጥ ከሚገባቸው ጥቁሮች የተመዘገቡት 6.7 በመቶ ነበሩ፤ በ1967 ወደ 59.8 በመቶ ደረሱ። ማሻሻያው 95 ዓመት ሙሉ ያላደረገውን ይህ የአሠራር ለውጥ በሁለት ዓመት አደረገው፤ ያለ ማሻሻያው ግን ሕጉ የሚቆምበት መሬት አልነበረውም።

14ኛውም ማሻሻያ ከጸሐፊዎቹ ዘመን አልፎ ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚሲሲፒን ሕግ ባጸደቀበት በ1898፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለዱት ዎንግ ኪም አርክ የአሜሪካ ዜጋ ናቸው ብሎ ፈረደ። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ሄደው ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ወላጆች የሚወልዱት ሕፃን ዜግነት የሚያገኘው በዚሁ አንቀጽ ነው። ለነጻ ወጪው የተጻፈው ቃል የእኛንም ስደተኞች ልጆች አቀፈ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ድምፅ የሚሰጠው የሐበሻ ልጅ ዕዳው ለቻርልስተንና ለሴልማ ሰዎች ነው።

ነገሩ ግን ተዘግቶ ያለቀ አይደለም። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስቀድመው ማስረዳት ያለባቸው ግዛቶች የሚለዩበትን ቀመር ሻረ፤ ሸክሙ በአብዛኛው ወደ ከሳሹ ተመለሰ። ስለ ልደት ዜግነትም ክርክሩ እየተቀሰቀሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው፣ የትኛውንም አገር ሕገ መንግሥት ስናነብ ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ ነው። "መብቱ ተጽፏል ወይ?" ብለን ማቆም የለብንም። ዜጋው መብቱን ሊጠቀም ምርጫ ጣቢያ ሲደርስ የማስረዳት ግዴታው የማን ነው? መዝገቡን የያዘው ሰው ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል? የ1860ዎቹ አርቃቂዎች የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሰው ሌሎቹን ለባለመዝገቡ ተዉት፤ ዋጋውን ሦስት ትውልድ ከፈለው። ቢሆንም የጻፉት ባይኖር ኖሮ አራተኛው ትውልድ ይዞት ፍርድ ቤት የሚቆም ቃል አያገኝም ነበር። ጽሑፉም አሠራሩም ያስፈልጋሉ፤ አንዱን ይዘን ሌላውን አገኘን ብለን እንዳንታለል።